«ሁሉን በአንድ» የሚባለው ማሽን ይገዛ ወይስ ይቅር?

ቀኑን በመሥሪያ ቤት፣ ምሽቱን በምድጃ ዙሪያ የምታሳልፉ እናቶችና እኅቶቼ፤ ዛሬ የማጫውታችሁ አንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ ስለ ነሣኝ አንድ ዕቃ ነው። በእናንተም ቤት ተመሳሳይ ጭቅጭቅ ካለ ምናልባት ይጠቅማችሁ ይሆናል ብዬ ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

ከሥራ ወደ ቤቴ ስመለስ የማልፍበት አንድ የቤት ዕቃ መደብር አለ፤ እዚሁ ደብረ ታቦር ከተማ። በመስኮቱ መስተዋት ውስጥ አንድ ነጭ ማሽን ተቀምጧል። «ሁሉን በአንድ» ይሉታል። ይከትፋል፤ ይፈጫል፤ ሊጥ ያሻል፤ ይቀቅላል፤ ያቁላላል፤ በእንፋሎት ያበስላል፤ እንደ ሚዛን ሆኖም ይመዝናል። የመደብሩ ወጣት ጣቶቹን እያጠፈ ሲቆጥርልኝ ዐሥራ ሁለት ሥራ ደረሰ። ዋጋውን ስጠይቀው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ከሦስት ወር ደመወዜ ይበልጣል።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ መንገዴን እቀጥል ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን በመሥሪያ ቤት ሴቶች ሆነን የምንጥለው ዕቁብ ለእኔ ደርሶ ገንዘቡ በእጄ ነበር። ማሽኑን ብገዛ የዕቁቡን ብር ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል፤ ባልገዛ ደግሞ፣ የዕቁብ ገንዘብ እንዴት እንደሚያልቅ ታውቃላችሁ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለትምህርት ቤት እየተባለ በየጥጉ ይበተናል።

እውነቱን ልናገርና ተመኝቼው ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባችን ከእኛ ቀድማ ገዝታ ለቡና ጠርታን ነበር። ካሮቱንና ድንቹን ሳትልጥ ሳትከትፍ ከትታ ክዳኑን ዘጋች፤ ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ሾርባው ደረሰ። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት አይልም፤ ዓይኗ አላነባም። እኛም ተያየን። በመልስ መንገድ ላይ ማንም ስለ ቡናው አላነሣም፤ ወሬው ሁሉ ስለ ማሽኑ ነበር። ሰው በጎረቤት ልብስ ይቀናል ሲባል እሰማ ነበር፤ በጎረቤት ድስት መቅናቴ ግን ለራሴም ገረመኝ።

ዋጋው ለምን እንዲህ ሰማይ እንደ ነካ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። ማሽኑ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ድስት፣ ማሽን፣ መለዋወጫ ሁሉ አብሮት ወጣ። ደመወዛችን ግን በዚያው እጥፍ አላደገም።

«ታዲያ ውጭ አገር ካለ ዘመድ አታስልኪም?» ያለችኝ ባልደረባም ነበረች። ይህን ምክር ለሚሰጧችሁ ሁሉ የአንዲት ጎረቤታችንን ታሪክ ንገሩልኝ። እኅቷ ከአሜሪካ ለአውደ ዓመት ስትመጣ እንዲሁ ያለ ማሽን በሻንጣ ይዛላት መጣች። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ስፒናው ሲሰካ ብልጭ አለ፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፤ በዚያው አበቃ። የአሜሪካ ቤቶች መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220 ነው። ለሞባይል ቻርጀር የሚበቃው ትንሽ ማገናኛ ሶኬቱን ያመቻቻል እንጂ ቮልቱን አይቀንስም። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ለእንዲህ ያለ ማሽን የሚበቃው ደግሞ እንደ ድንጋይ የከበደ፣ ዋጋውም የራሱ የሆነ ዕቃ ነው። ስለዚህ የሚላክላችሁ ዕቃ ካለ ከታች የተለጠፈውን ጽሑፍ አስነብቡ፤ «220-240» የሚል ካላያችሁ ይቅርባችሁ። ያቺ ጎረቤታችን ማሽኑን ዛሬም ድረስ በዳንቴል ሸፍና ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጣዋለች። እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሆነ ይጠይቃል።

ወደ እኔ ጉዳይ ልመለስ። ከእናቴ ጋር ነው የምንኖረው። ስለ ማሽኑ አንድ ማታ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦

«እንጀራ ይጋግራል?»

በማግሥቱ ወደ መደብሩ ገብቼ ይህንኑ ጠየቅሁ። ወጣቱ ሳቀ። «እትዬ፣ እንጀራ እንኳ አይጋግርም። ሊጡን ግን ያቦካልዎታል» አለኝ። የጎድጓዳውን መጠን ስጠይቀው ከሁለት ሊትር ጥቂት ይበልጣል። በእኛ ቤት ስድስት ሰው ነው የሚበላው። የእኔን ቡሃቃ ሊጥ በዚያ ጎድጓዳ ለማቡካት ስንት ጊዜ ልገለብጥ ነው?

ይህ የሻጩ ጥፋት አይደለም። ማንኛውም ማሽን የተወለደበትን ወጥ ቤት ይዞ ነው የሚዞረው። የእነዚህ ሁለገብ ማሽኖች ሁሉ ታላቅ የሚባለው ቴርሞሚክስ ነው፤ ፎርቨርክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 እየፈጨ የሚያበስለውን ሞዴል ለገበያ ሲያወጣ መጀመሪያ የሸጠው ለፈረንሳይ እመቤቶች ነበር። ዛሬም አዲሱ እጅግ ውድ ነው፤ በእኛ መስኮት ያለው የእርሱ አምሳያ ሆኖ ዋጋው ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ራቱ ሾርባ ለሆነ ሰው፣ በቤቱ ሦስት ወይም አራት ሰው ላለው፣ ያ ማሽን እውነትም ሁሉን በአንድ ነው። ራቱ እንጀራ ለሆነ ግን «ሁሉን» የሚለው ቃል ዋናውን ነገር ውጭ ትቶታል።

ቢሆንም ልቤ አልቆረጠም። «እንጀራው በምጣዱ ይጋገር፤ የቀረውን ማሽኑ ይሥራልኝ» አልሁ። እንግዲህ የቀረው ሥራ ምን ያህል ነው? ይህን የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ የልጄን አሮጌ ደብተር ወሰድሁና በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቀልሁት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማን ምን እንደ ሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደ ፈጀበት ጻፍሁ። እናቴ ማንበብ ስለማይችሉ የእርሳቸውን እየጠየቅሁ እመዘግብ ነበር። አንድ ቀን «አሁንስ ሬጂስትራር ሆንሽብኝ» ብለው ተቆጡኝ።

ከደብተሩ ያገኘሁትን በግርድፉ ልንገራችሁ። እንጀራ፣ ከማቡካቱ እስከ አብሲቱ፣ ከመጋገሩ እስከ ማጽዳቱ፣ በሳምንት ስድስት ሰዓት ይወስድብናል። ዕቃ ማጠብ ሰባት። ቧንቧው በሚመጣበት ቀን ውሃ ማጠራቀምና መቅዳት ሦስት። ምስሩን፣ ሽንብራውን፣ ባቄላውን መልቀም አንድ ሰዓት ተኩል። ከሁሉ የበለጠው ግን ምን እንደ ሆነ ልትገምቱ ትችላላችሁ? መቀቀል ነው። ባቄላ፣ አተር፣ የበሬ ሥጋ፣ ለንፍሮ ስንዴና ሽንብራ፤ በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ከድስት አጠገብ ሳይርቁ፣ ከሰል እየጨመሩ፣ ውሃ እየጨመሩ መጠበቅ። ያ ያስቀናኝ፣ ዓይን የሚያስነባው የሽንኩርት ሥራ ግን መላጡም መክተፉም ተደምሮ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ቡናውን አልጻፍሁትም፤ ሥራ ብዬ ልቆጥረው አልደፈርሁም።

ማሽኑ በደንብ የሚሠራልኝ እንግዲህ ያንን የሁለት ሰዓት ሥራ ነው። በዚያ ላይ ምላጩን፣ ክዳኑን፣ ጎማውን፣ ወንፊቱን ፈታትቶ ማጠብ አለ። የባልደረባችንን ቤት ሳስታውስ፣ ሾርባው ሲቀርብ ሁላችን እናይ ነበር፤ ማጠቢያው ጋ የቆመችውን የቤት ሠራተኛዋን ግን ያየ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደዚያ ዘጠኝ ሰዓት እንምጣ፤ የደብረ ታቦር ሴት ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ያለች እኅቴ «ባቄላ እናንተ ዘንድ ለምን አይበስልም?» እያለች ስታሾፍ እኔ ከባቄላው ዓይነት ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከፍ በተባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ውሃ በቶሎ ይፈላል፤ በቶሎ ይፈላል ማለት ግን በትንሽ ሙቀት ይፈላል ማለት ነው። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እኛ ዘንድ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከፈላ በኋላ ደግሞ እሳቱን ብታነዱለትም ይተናል እንጂ አይግልም። ስለዚህ ባቄላው ቀኑን ሙሉ ሲንተከተክ ቢውልም፣ ሙቀቱ ከ91 አይዘልም። በጉና ተራራ ግርጌ ላሉት እኅቶቻችን ከዚህም ይብሳል። ከሰሉ ለእንፋሎት ነው የሚሄደው።

ማሽኑስ? በመስኮቱ ያለው ማሽን ክዳኑ እንፋሎት ያስተነፍሳል፤ አያምቅም። ቁጥሩን 100 ላይ ብታደርጉት በደብረ ታቦር ያለው ውሃ ለቁጥር ብሎ 100 አይደርስም፤ እዚያው 91 ላይ ይንተከተካል። እንደ ተራ ድስት ነው ማለት ነው፤ ለዚያውም ትንሽ ድስት።

ይህን ችግር የሚፈታ ዕቃ ግን አለ፤ አዲስም አይደለም። በተለምዶ «ፕሬሸር» የምንለው፣ ክዳኑ ጠብቆ የሚዘጋው የእንፋሎት ድስት ነው። ዴኒ ፓፓን የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1679 ለንደን ላይ የመጀመሪያውን ሲያሳይ፣ አጥንት ሳይቀር እንደሚያለሰልስ አስመስክሯል፤ እንዳይፈነዳም የእንፋሎት መተንፈሻ የሠራለት እርሱ ነው። እንፋሎቱ ሲታመቅ ውሃው በ91 መፍላቱን ትቶ ከ110 ዲግሪ በላይ ይግላል። በእኔ ቤት ከማታው የተዘፈዘፈ ባቄላ በተራው ድስት ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረው፣ የጎረቤቴን ፕሬሸር ተውሼ ስሞክረው በዐርባ ደቂቃ ለሰለሰ። ከዕቃው ጋር የሚመጣው መጽሐፍ ከዚህ ያነሰ ደቂቃ ይላል፤ እርሱ የተጻፈው ለቆላ ሰው ነውና በእኛ ከፍታ በደቂቃው ላይ ሲሶ ያህል ጨምሩበት።

ድስቱን ስለሚፈሩት ሁለት ቃል ልበል። አብዛኛው አደጋ የሚመጣው ከጥድፊያ ነው። ባቄላና አተር አረፋ ስለሚያወጡ ከድስቱ ግማሽ በላይ አትሙሉ፤ አረፋው መተንፈሻውን ይደፍነዋል። ክዳኑን እንፋሎቱ ጨርሶ ሳይወጣ በግድ አትክፈቱ። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ቀይሩት። ገንፎና አጃ ደግሞ በእርሱ አታብስሉ።

ድስቱን ልግዛ ብዬ ሳበቃ እንኳ፣ ማሽኑን ጨርሼ ለመተው አንድ ነገር ቀረኝ። በገበያው አጠገብ ምጣድና ራዲዮ የሚጠግን አንድ ጎልማሳ አለ። የኤሌክትሪክ ምጣዴን ሽቦ ሁለት ጊዜ የቀየረልኝ እርሱ ነው። ስለ ማሽኑ ምክር ጠየቅሁት። የያዘውን መቆንጠጫ አስቀምጦ «እትዬ፣ የምጣድ ሽቦ ቢቃጠል ሸክላውን ገልብጬ እቀይርልዎታለሁ፤ በአንድ ቀን ነው። ያኛው ግን በውስጡ ካርድ አለው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ብሎ ካርዱን ከመታው፣ እኔም የለሁበት፣ አዲስ አበባም መኖሩን እንጃ» አለኝ። ወደ መደብሩ ተመልሼ መለዋወጫ ይኖር እንደሆነ ጠየቅሁ። ወጣቱ ወደ ጌታው ደወለ፤ ጌታው ወደ ሌላ ደወለ። መልሱ «ይመጣል» የሚል ሆነ።

ከተማችን ለከባድ መሣሪያ እንግዳ አይደለችም። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ያሠሩት እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ ነው፤ ሕዝብ ሆኖ በጉልበት ተጎትቶ እስከ መቅደላ ደርሷል። መሥራቱን ሁላችንም እናወራለን፤ መጎተቱን ግን የሚያወራው ጥቂት ነው። እኔም ማሽኑን መግዛቱን እንጂ ከገዛሁት በኋላ የሚመጣውን መጎተት አላሰብሁትም ነበር።

መብራቱን ካነሣን ዘንድ፣ ሒሳቡን ለማታውቁ ልንገራችሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው 3,500 ዋት ገደማ ይበላል። ሁለት ሰዓት ብትጋግሩ ሰባት ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሁለቴ፣ በወር ስምንቴ ሲሆን 56 ይደርሳል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ በደረጃ የሚወጣ ነው፤ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ርካሽ ሲሆን ከዚያ በላይ ያለው እየተወደደ ይሄዳል። ስለዚህ ምጣዱ ብቻውን ርካሹን ደረጃ ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ የምትሰኩት ማንኛውም ዕቃ፣ ማሽኑም ጭምር፣ በውዱ ዋጋ ነው የሚሠራው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ታላቁ የህዳሴ ግድብ ሲመረቅ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ፣ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ይሁንና ግድቡ ከእኛ ሶኬት እስኪደርስ በመካከል ያለው ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ብዙ ነው፤ እኛ ሰፈር መብራት ዛሬም ይሄዳል ይመጣል። በሄደ ጊዜ ፕሬሸሩ ከከሰል ላይ ይጣዳል። ማሽኑ ምን ላይ ይጣዳል?

ይህን ሁሉ ስጽፍ ማሽኑን ለማንም አይረባም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ቁርስ ቤት ወይም ጭማቂ ቤት ለከፈተች ሴት ቀኑን ሙሉ የሚሽከረከር ምላጭ ገንዘቡን ይመልሳል። ለሕፃን አጥሚትና ሾርባ በየሦስት ሰዓቱ ለምታዘጋጅ እናት ዕረፍት ይሰጣታል። እጇን የሚያማት፣ መጅ መግፋትም ሆነ ቢላዋ መያዝ የተሳናት እናት ካለች ደግሞ ስለ ዋጋው ከእኔ ጋር አትከራከሩ፤ ግዙላት። ለቡሄ ሙልሙል ግን አትመኑት። ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦር ላይ ለሚመጡት ልጆች ሁሉ የሚበቃ ሊጥ በሁለት ሊትር ጎድጓዳ የሚያሽ ሰው እስከ መስከረም ይቆያል።

አሁን ለመጻፍ የከበደኝ ጉዳይ ላይ ደረስሁ።

ደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ዐምድ አስምሬ ነበር። የእኔ ዐምድ ሞልቶ ወደ ኅዳጉ ፈስሷል። የእናቴም እንዲሁ። የትልቋ ልጄ ዐምድ ግማሽ ነው። የባለቤቴና የወንዱ ልጄ ዐምድ ግን እንደ ተሰመረ ንጹሕ ነው። ይህን ለማሳፈር ብዬ አልነበረም ያሰመርሁት። ባለቤቴ አንድ ማታ ውሃ ሊጠጣ ወጥ ቤት ገብቶ ደብተሩን ሲያነብ አገኘሁት። ብዙ ቆመ። ከዚያ «ማሽኑ ይገዛ» አለ።

እኔም ተናደድሁ። ለምን እንደ ተናደድሁ በዚያ ሰዓት ልነግረው አልቻልሁም፤ ያለው እኮ መልካም ነገር ነው። በኋላ ሳስበው ነው የገባኝ። የሁለት ሰዓቱን ሥራ ማሽን ይሥራው እያለኝ ነው፤ የሰባቱንስ ሰዓት ዕቃ ማጠብ? የሦስቱን ሰዓት ውሃስ? ለዚያ ማሽን አልተሠራለትም እንጂ እጅ አለ። በማግሥቱ በሰከነ ልብ ይህንኑ ነገርሁት። ተከራከርን። «ወንድ ልጅ ዕቃ ሲያጥብ ጎረቤት ምን ይላል?» አለ፤ እናቴም ከዚያ ጥግ ሆነው ደገፉት። ልጄ ግን፣ ወንዱ፣ ከመጽሐፉ ቀና ሳይል «ውሃውን እኔ እቀዳለሁ» አለ። ጉዳዩ በዚያ ማታ አላለቀም። ዛሬም አላለቀም። ነገር ግን የውሃው ሦስት ሰዓት ከእኔ ዐምድ ወጥቷል።

ሌላም ነገር ከደብተሩ ወጣ። መብራት በጠፋባቸው ቀናት እንጀራውን በእንጨት የሚጋግሩት እናቴ ናቸው፤ እኔ ቢሮ ነኝና። በእነዚያ ቀናት «ሳል» የሚል ቃል በእርሳቸው ዐምድ አጠገብ ጽፌ አገኘሁ። ሳስበው ሳይሆን እጄ የጻፈው ነው፤ ሌሊት ስለምሰማቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ የተነሣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ገምቷል። ቁጥሩን ቀድሞም ሰምቼው ነበር፤ ግን ሳሉ በደብተሩ ላይ አራት ጊዜ ተጽፎ ሳየው ነው የደነገጥሁት። በሦስት ጉልቻ ላይ ጎንበስ ብለው ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲያቀጣጥሉ ነው የሚውሉት። እኔ ደግሞ ሽንኩርት የሚከትፍልኝ ማሽን ልገዛ ነበር።

የዕቁቡን ገንዘብ እንዲህ አደረግሁት። ስድስት ሊትር የሚይዝ ፕሬሸር ገዛሁ፤ ሁለት ትርፍ ጎማ ጨምሬ። ለምጣዴ የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ማጥፊያ ከቆጣሪው ድረስ በባለሙያ አስዘረጋሁለት፤ ቀድሞ ሶኬቱ እየጋለ ያስፈራኝ ነበርና። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ደግሞ ከሲሚንቶ የሚሠራውን፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚያቅፈውን ምርት ምድጃ አስተከልሁ። ይህ ምድጃ በአገራችን ከ1980ዎቹ ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራ ነው፤ እሳቱን ስለሚከልል ከጉልቻው ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ጭሱንም ያሳንሰዋል። ጨርሶ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ከማድቤቱ ጣራ ሥር ለጭሱ መውጫ አንድ መስኮት አስከፈትሁ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከማሽኑ ዋጋ እኩሌታ አልደረሰም። የተረፈውን ለሴት ልጄ የመሰናዶ መጻሕፍት አስቀመጥሁት፤ እስካሁን ለቅሶ አልበላውም።

እናቴ ምርት ምድጃውን መጀመሪያ አልወደዱትም። «እሳቱ የማይታይ ምን ምድጃ ነው?» አሉ። እንጀራው ዓይን አላወጣም ብለውም ሁለት ሳምንት አጉረመረሙ፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ወደ ጉልቻው መመለሱን ሳይናገሩ ተዉት። ፕሬሸሩን ግን አሁንም አያምኑትም። ማፏጨት ሲጀምር «ተናገረ» ብለው ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ደጅ ይወጣሉ፤ ባቄላው ሲቀርብ ግን ከሁሉ ቀድመው የሚቀምሱት እርሳቸው ናቸው።

ሽንኩርቱን ዛሬም በቢላዋ እከትፋለሁ፤ ዛሬም ያስለቅሰኛል። ማሽኑም ከመስኮቱ አልወጣም። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ በዋጋው ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበት አየሁ። ወጣቱ ከውስጥ ሆኖ በእጁ ሰላም አለኝ፤ እኔም ሰላም ብዬው፣ ቧንቧው የሚመጣበት ቀን ነበርና፣ ልጄ ባልዲዎቹን ማውጣቱን ለማየት ወደ ቤቴ ቸኮልሁ።